ቀጤማ የምትባል ከተማ እንፍጠር፦ የከተማ አስተዳደርን በጨዋታ ማስተማሪያ መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የሥነ ዜጋ ክበብ አለን። በክበቡ በየዓመቱ አንድ ከተማ እንፈጥራለን። ስሟ ቀጤማ ነው። ስሙን ያወጡላት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ሐይቅ ዳር ስለሆነች። ቀጤማ በየትኛውም ካርታ ላይ የለችም። ግን ከንቲባ አላት፣ ምክር ቤት አላት፣ በጀት አላት። የተደፈነ ቦይም አላት።

ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚመጡ መምህራን "እንዴት ነው የምትሠሩት?" ይሉኛል። እያንዳንዱን ነገር ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ከከንቲባው አትጀምሩ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ ነበር ያደረግኩት። ሰሌዳው ላይ ከላይ ከንቲባ፣ ከሥሩ ምክትሎች፣ ከሥራቸው ጽሕፈት ቤቶች፣ መሃል መሃሉን ቀስት። ልጆቹ ሸመደዱት፣ ተፈተኑበት፣ ረሱት። በኋላ "ሰፈራችሁ ያለው ቦይ ቢደፈን ለማን ትናገራላችሁ?" ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጭጭ አለ። በሁለተኛው ዓመት ከቦዩ ጀመርን። ያ ዓመት ልጆቹ ራሳቸው ከንቲባው ድረስ ደረሱ፤ መንገዱንም አልረሱትም። ይህ መመሪያም ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ዝግጅት

ከ25 እስከ 40 ተማሪ ይበቃል። ሰባት ቅዳሜ ያስፈልጋችኋል፤ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት። ፍሊፕ ቻርት፣ ማርከር፣ አንድ ወፍራም ባለመስመር ደብተር፣ ግማሽ ኪሎ ሽንብራ እና ሁለት ድንች ግዙ። ሽንብራው የከተማዋ ገንዘብ ነው። ጥሬ ይሁን፤ ቆሎ ከሆነ በጀቱ በአንድ ቀን ያልቃል። ድንቹ ለሁለት ተቆርጦ፣ ፊቱ ላይ ምልክት ተቀርጾበት፣ ቀለም እየተነከረ ማህተም ይሆናል። ማህተም የሌለው መሥሪያ ቤት ልጆቹ መሥሪያ ቤት አይመስላቸውም፤ ስለዚህ ድንቹን አትናቁት።

ለመጀመሪያው ቀን ከግቢ ስለምትወጡ ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ፣ ከወላጆች ደግሞ ፊርማ ቀድማችሁ ያዙ።

አንደኛ ቅዳሜ፦ ቦዩን ተከተሉ

ከትምህርት ቤታችሁ በር ላይ ተነሱ። ቅርብ ያለውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ፈልጉና ውሃው በሚወርድበት አቅጣጫ ተከተሉት። ልጆቹን በአራት በአራት ከፋፍሉ። እያንዳንዱ ቡድን አራት ነገር ይጻፍ፦ ቦዩ የት ጋ ክዳን አለው፣ የት ጋ ተደፍኗል፣ በምን ተደፈነ፣ አጠገቡ የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው ምን ይላል። ቦዩ ውስጥ ማንም አይግባ። ዝናብ ካለ ደግሞ ቀኑን ቀይሩ።

አንድ ዓመት አንዲት እናት በቆሎ የሚጠብሱበት ጥግ ጋ ደረስን። ከእሳቸው ከሰል ምድጃ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቦዩ መንገዱን በቱቦ ያቋርጣል። የቱቦው አፍ ጥርቅም ብሏል። ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ። ከኋላው የቆመው ውሃ አረንጓዴ ሆኗል፤ ላዩ ላይ ትንኝ ይርመሰመሳል። አንዷ ተማሪ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው።

"እማማ፣ ከተደፈነ ስንት ጊዜው ነው?"

"ኧረ ቆየ ልጄ። እኔ እዚህ መጥበስ ስጀምር ጠርገውት ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።"

"ለማን ነገሩ?"

"ለማን እነግራለሁ? ላላፊ አግዳሚው እነግራለሁ እንጂ።"

ልጅቷ ይህንኑ እንዳለ ጻፈችው። ወደ ክፍል ስንመለስ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ሰቀልነው፦ "ለማን እነግራለሁ?" ሰባቱም ቅዳሜ ያንን ጥያቄ መመለስ ሆነ። እናንተም ከጉዞው አንድ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ተመለሱ። ከመጽሐፍ የተገለበጠ ጥያቄ ይህን አይተካም።

ሐዋሳ ያላችሁ ጉዞውን እስከ ሐይቁ ውሰዱት። አሞራ ገደል ዓሣ የሚበለትበት ጋ ስትደርሱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመው ፍርፋሪ ሲጠብቁ፣ ለልጆቹ ይህን ንገሯቸው። የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሱ ግን የሚወጣ የለም። ቦዩ ተሸክሞ ያመጣው ነገር እዚያው ይቀራል። እማማ ጋ ያየነው ነጠላ ጫማ የክረምት ጎርፍ ቢገፋው መድረሻው እዚህ ነው። ይህን ቆመው ያዩ ልጆች "ፍሳሽ አወጋገድ" የሚለውን ቃል ዳግም በግዴለሽነት አይጽፉትም። ሐይቁ ዳር ጉማሬ ስላለ ግን ከመዝናኛው አካባቢ ርቃችሁ አትሂዱ።

ሁለተኛ ቅዳሜ፦ ካርታውን ሳሉ

አራት ፍሊፕ ቻርት አጣብቁና መሬት ላይ ዘርጉ። ልጆቹ ወዲያው ስታዲየምና አስፋልት መሳል ይፈልጋሉ። አቁሟቸው። መጀመሪያ ተራራው፣ ቀጥሎ ሐይቁ፣ ከዚያ ውሃው የሚወርድባቸው መስመሮች። የታቦርንና የአላሙራን ተራሮች አይተው ያደጉ ልጆች ይህ አይከብዳቸውም። ከዚያ በኋላ ብቻ ሰው ይስፈር። የቱ ሰፈር ከላይ ነው፣ የቱ ከታች? ከታች ያለው ሰፈር የላይኛውን ሰፈር ጎርፍ እንደሚቀበል ራሳቸው ሲያዩ ክርክሩ ይጀምራል።

ቀጥሎ ገበያው፣ መናኸሪያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ቦታ ያግኙ። በየዓመቱ የሚረሱ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ቄራ፣ መቃብርና የቆሻሻ መድፊያ። እስኪያስታውሷቸው ጠብቁ። ካላስታወሱ "እናንተ ከተማ ውስጥ ሰው አይሞትም እንዴ?" በሏቸው። የቆሻሻ መድፊያውን ማንም በሰፈሩ አይፈልገውም። ሁልጊዜ ከካርታው ጠርዝ ውጪ ይገፉታል።

እዚህ ጋ ነው ሜትሮፖሊታን የሚለው ቃል የሚገባው፤ አንድ ትልቅ ከተማ ከዙሪያዋ ጎረቤቶች ጋር አንድ ላይ ስትታይ ማለት ነው። ቀጤማ ብቻዋን አይደለችም። በዙሪያዋ ሦስት ትንንሽ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ሳሉ። ጠዋት ሰው ከነሱ ተነስቶ ለሥራ ቀጤማ ይገባል፤ ማታ ይመለሳል። ወተቱም ጎመኑም የሚመጣው ከነሱ ነው። ቆሻሻውስ ወደ የት ነው የተገፋው? ወደ እነሱ። አንድ ጊዜ ከሐዋሳ ዳርቻ፣ ከቱላ በኩል የሚመጣ ተማሪ ካርታው ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ "ቲቸር፣ ይሄ ጠርዝ እኮ ለኛ መሃል ነው" አለኝ። የዚያን ቀን ትምህርት እሱ ጨረሰልኝ። ቆሻሻ፣ ውሃና ትራንስፖርት በአንድ ከተማ ወሰን ስለማያልቁ ቀጤማና ጎረቤቶቿ የጋራ ቦርድ እንዲያቋቁሙ ተስማማን። በቦርዱ ትንሿም ከተማ ትልቋም እኩል ድምፅ ይኑራቸው ወይስ በሕዝብ ብዛት? ለዚህ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ የለም። ልጆቹ ይወስኑ፣ ምክንያታቸውም ደብተሩ ላይ ይጻፍ።

በመጨረሻ ከተማዋን በክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማውን በቀበሌ ክፈሉ። አራት ክፍለ ከተማ ለጨዋታው ይበቃል። ስም ሲያወጡ ሐዋሳን ያስተውሉ፤ ታቦር፣ ሐይቅ ዳር፣ መናኸሪያ፣ ባህል አዳራሽ፣ ሁሉም ሰው በሚያውቀው ነገር የተሰየሙ ናቸው።

ስለ ቀበሌም ጥቂት ተናገሩ። የከተማ ቀበሌ ሥር የሰደደው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 በኋላ ነው። አዋጁ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እንዲቋቋሙ አደረገ። የዛሬው ቀበሌ የዚያ ልጅ ነው። "ከንቲባ" ግን ከዚያ እጅግ የቆየ፣ ከጎንደር ዘመን የወረስነው ማዕረግ ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይገርማቸዋል፦ አንድ ማመልከቻ ከደርግ ዘመን ተቋም ተነስቶ የነገሥታት ዘመን ማዕረግ ያለው ሰው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

ሦስተኛ ቅዳሜ፦ ይሄ የማን ሥራ ነው?

ከሰባቱ ሁሉ የምወደው ቀን ይህ ነው፤ ጊዜ አትንፈጉት።

ሠላሳ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሠላሳ ሥራ ጻፉ። የቦይ ጠረጋ፣ የመንገድ መብራት፣ የልደት ምዝገባ፣ ፓስፖርት፣ የመቃብር ቦታ፣ የመምህራን ደመወዝ፣ ክትባት፣ የባጃጅ ታሪፍ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የውሃ መስመር፣ የገበያ መደብ፣ የልቅሶ ድንኳን፣ የሰፈር ጥበቃ። አራት ሳጥን አስቀምጡ፦ ፌዴራል፣ ክልል፣ ከተማ፣ እኛው ራሳችን። ልጆቹ እየተነሱ ይክተቱ። ለእያንዳንዱ "ለምን?" በሏቸው።

ፓስፖርት ፌዴራል ነው፤ ይህ አያከራክርም። የልቅሶ ድንኳን የእድር ነው። ልደት፣ ጋብቻና ሞት ግን? አዋጁ (ቁጥር 760/2004) የፌዴራል ነው፤ ምዝገባው የሚከናወነው ግን ቀበሌ ወርዶ ነው። ልጆቹ እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ነገር ይማራሉ፦ ሕጉን የሚያወጣውና ሥራውን የሚሠራው አንድ ላይሆን ይችላል።

የመንገድ መብራት ደግሞ የግማሽ ሰዓት ክርክር ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያቀርበው የፌዴራል መንግሥት ድርጅት ነው። መንገዱ የከተማው ነው። አምፖሉ ሲቃጠል ማን ይቀይር? በጨዋታችን "የከተማው ነው" ብለን ወሰንን። ወሳኙ ግን ውሳኔው አይደለም። ሁለት መሥሪያ ቤት መሃል የወደቀ ሥራ ባለቤት እንደሚያጣ ልጆቹ በዓይናቸው ማየታቸው ነው። ከተማችሁ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ነገር ካለ፣ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

የከተማውን ሳጥን አንድ ጊዜ እንደገና ለሁለት ክፈሉት። በአገራችን የክልል ከተሞች ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። አንደኛው እንደማንኛውም ወረዳ ከክልሉ የሚወርድ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ትምህርት፣ ጤና፣ የመሳሰለው። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ ጽዳት፣ ቄራ፣ መቃብር። የመጀመሪያው በአብዛኛው በድጎማ ይሠራል። ሁለተኛው ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ላይ ይንጠለጠላል። የእማማ ቦይ የቱ ውስጥ ነው? ሁለተኛው። እንግዲህ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ከወዲሁ ታወቀ ማለት ነው። ይህን በደብተሩ ላይ አስምሩበት፤ ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ ይፈለጋል።

ሕገ መንግሥቱንም ይዛችሁ ግቡ። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛው እርከን በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊ ሥራውን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሁን፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳ ይችላል ይላል። ሁለቱን አንቀጾች አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብብ። በመቀጠል "በቂ ሥልጣን" ሲባል ለቦዩ ምን ማለት እንደሆነ ይጠየቅ። አንድ አካፋ የመግዛት ሥልጣን የሌለው ቀበሌ ቦይ ሊያስጠርግ ይችላል?

አራተኛ ቅዳሜ፦ ሰዎቹን አስቀምጡ

አሁን ነው ምርጫው። እያንዳንዱ ቀበሌ ተወካይ ይምረጥ፤ ተወካዮቹ ምክር ቤት ይሁኑ። ምክር ቤቱ ከመካከሉ አፈ ጉባኤና ከንቲባ ይምረጥ። ከንቲባውን ሕዝቡ በቀጥታ ለምን አይመርጥም የሚል ይመጣል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ በቻርተሯ፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ከንቲባዋን የምትመርጠው በምክር ቤት ነው። ልጆቹ ሁለቱንም አመዛዝነው ለቀጤማ ይወስኑ።

ያልተመረጡት ሥራ ፈት አይደሉም። ሥራ አስኪያጅ፣ የፋይናንስ ኃላፊ፣ ኦዲተር፣ ቅሬታ ሰሚ፣ የክፍለ ከተማ ኃላፊ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጋዜጠኛ። የቀሩት ነዋሪ ናቸው። ነዋሪ ከባዱ ሚና ነው፤ ጎበዝ ልጆችን እዚያ አስቀምጡ። ሴቶች ልጆች በየቦታው እኩል እንዲገኙ እናንተው ተጠንቀቁ፤ ዝም ካላችሁ ጸሐፊነቱ ብቻ ይደርሳቸዋል።

ኦዲተሩ ለማን ሪፖርት ያደርጋል? ልጆቹ "ለከንቲባው" ይላሉ። "ከንቲባው ሽንብራ ቢወስድስ?" በሏቸው። ወዲያው ወደ ምክር ቤቱ ያዛውሩታል።

አምስተኛ ቅዳሜ፦ ማመልከቻው

ነዋሪዎቹ ስለ ቦዩ ማመልከቻ ይጻፉ። የመጀመሪያው ረቂቅ ምንጊዜም እንዲህ ነው፦

"በአካባቢያችን ከፍተኛ የመሠረተ ልማት ችግር ስላለ የሚመለከተው አካል አፋጣኝ መፍትሔ እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን።"

የመዝገብ ቤቱ ልጅ ይቀበለዋል፣ ፋይል ውስጥ ይከተዋል፣ እዚያው ይቀራል። ማን ምን እንደሚሠራ አይታወቅማ! ስለዚህ መልሳችሁ አስጽፉ። ሁለተኛው እንዲህ ሆነ፦

"ቀን፦ መጋቢት 4

ለሐይቅ በር ክፍለ ከተማ 02 ቀበሌ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የተደፈነ ቦይ እንዲጠረግልን ስለመጠየቅ

ከገበያው በር እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ባለው ቦይ ላይ ሁለት ቱቦዎች በቆሻሻ ተደፍነዋል። ባለፈው ክረምት ውሃው ሞልቶ ዘጠኝ ቤት ገብቷል። ግንቦት ሳያልቅ ሁለቱ ቱቦዎች እንዲከፈቱልንና ክዳን እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን። የቦታው ንድፍና የ14 ነዋሪዎች ፊርማ ተያይዟል።

ግልባጭ፦ ለማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ"

ልዩነቱን ልጆቹ ይናገሩ። የት፣ ምን ያህል፣ ምን ጉዳት፣ ምን እንዲደረግ፣ እስከ መቼ። በተለይ "እስከ መቼ" የሚለውን አትልቀቁ።

ከዚያ ጨዋታው ይጀምር። ማመልከቻው በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ። ነዋሪው መዝገብ ቤት ሄዶ አንዱን ይስጥ፣ አንዱን ለግልባጩ ይላክ፣ ሦስተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጎ ይያዝ። እኔ አንድ ጊዜ ለራሴ ጉዳይ ያስገባሁት ማመልከቻ ጠፋ። ወራት ተመላለስኩ። "እዚህ ስለመግባቱ ማስረጃ አለ?" ተባልኩ፤ አልነበረኝም። እንደ አዲስ ጀመርኩ። ያን ጊዜ በእጄ ቁጥር ያለው ቅጂ ቢኖር ታሪኩ ሌላ ነበር። ተማሪዎቼ ይህን ስህተት እንዳይደግሙት እፈልጋለሁ፤ ድንች ማህተም ያስቀረጽኩትም ለዚህ ነው።

ለኃላፊዎቹ ሦስት ሕግ ስጡ። አንድ፣ ማመልከቻ ተቀብለው በጨዋታ ሰዓት በ15 ደቂቃ ውስጥ መልስ ይስጡ። ሁለት፣ እምቢ ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ያድርጉ። ሦስት፣ "የኛ ሥራ አይደለም" ካሉ የማን እንደሆነ ጽፈው ራሳቸው ይላኩት። እውነተኛ መሥሪያ ቤቶችም አገልግሎታቸውንና የሚፈጀውን ጊዜ የሚዘረዝር የዜጎች ቻርተር ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ልጆቹ ለቀጤማ እንዲህ ያለውን አዘጋጅተው በር ላይ ይለጥፉ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጥቂት ካቅማማ በኋላ ማመልከቻውን ወደ ክፍለ ከተማ ይመራል። ክፍለ ከተማው ወደ ማዘጋጃ ቤት ይመራል። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋል፦ "ጥያቄው ተገቢ ነው። በጀት አልተያዘለትም።" ነዋሪዎቹ ይናደዳሉ። ይናደዱ። መልሱ ካላረካቸው ቅሬታ ሰሚ አለ፤ ከዚያም በላይ በእውነተኛው ዓለም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ግን ለዛሬ ችግሩ ያለው በጀቱ ላይ ነው። ቅዳሜውን እዚህ ላይ ዝጉ።

ስድስተኛ ቅዳሜ፦ ሽንብራው

መቶ ሽንብራ ቁጠሩና ጠረጴዛው መሃል ክምር አድርጉ። የቀጤማ የዓመት ገንዘብ ይህ ነው። መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ይነገር። የክልል ድጎማ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የሊዝ ክፍያ፣ የገበያ መደብ ኪራይ፣ የቄራ አገልግሎት፣ የንግድ ፈቃድ። ቁጥሩን እናንተ ለጨዋታው አውጡለት። በሊዝ ላይ ግን ቆም በሉ። የከተማ ቦታ ሊዝ (አዋጅ ቁጥር 721/2004) ለከተማ ጥሩ ገቢ ነው፤ ነገር ግን መሬት አያድግም። ዘንድሮ የሰጣችሁትን ቦታ ለሚቀጥለው ዓመት ደግማችሁ አትሰጡትም። ከሊዝ የመጣውን ሽንብራ በማርከር አቅልሙት። ልጆቹ በየትኛው ሽንብራ ደመወዝ እየከፈሉ እንደሆነ ይዩ።

አሁን ያካፍሉ። ደመወዝ ይቅደም። እኛ ጋ ክምሩ በአንድ ጊዜ ሲጎድል ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ይዞ ተነሳ። ስታዲየም፣ አስፋልት፣ የሐይቅ ዳር መናፈሻ፣ አምቡላንስ። ለቦይ የቀረችው ሁለት ሽንብራ ነበረች። የሐይቅ በር ተወካይ የእማማን ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳው ላይ አነበበች። ከመናፈሻው ሦስት ሽንብራ ተነስቶ ወደ ቦዩ ሄደ። የመናፈሻው ደጋፊዎች ደስ አላላቸውም። አላስገደድኳቸውም። አንዱ ጋ ሲጨመር ሌላው ጋ እንደሚቀነስ በእጃቸው ዳሰሱት።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር እኔን ራሴን ዓመታት የወሰደብኝ ነው። የዘመን አቆጣጠር ሰቅላችሁ ሁለት መስመር አስምሩበት። በጀታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ዋናው ዝናብ ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ ነው፤ ሐዋሳ ላይ እንዲያውም በበልግም ይዘንባል። ስለዚህ የሐምሌው አዲስ በጀት ሲለቀቅ ጎርፉ ደርሷል። ዘንድሮ ክረምት ውሃ ቤቱ እንዳይገባ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡ ባለፈው ሐምሌ በጸደቀው በጀት ውስጥ መያዝ ነበረበት። ለዚያ ደግሞ ጥያቄው ከዚያ በፊት፣ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ጊዜ መግባት ነበረበት። የእኛ ማመልከቻ መጋቢት ላይ ነው የገባው። ለዘንድሮ ክረምት ዘግይቷል፤ ለሚቀጥለው ግን በሰዓቱ ነው። ልጆቹ ይህን ካወቁ በኋላ ማመልከቻውን ለሁለት ከፈሉት። ቱቦዎቹን መክፈት በጉልበትና በአካፋ ስለሚሆን ለዘንድሮ፣ ክዳኑ ለመጪው በጀት። ማንም አልነገራቸውም፤ ከካሌንደሩ ነው ያወቁት።

መጨረሻ ላይ ኦዲተሩ ይቁጠር። አንድ ዓመት 97 ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ጠረጴዛ ሥር ተገኙ። አንዱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኦዲተሯ፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ "አንድ ሽንብራ ጎድሏል፤ ማስረጃ አልቀረበም" ብላ ጻፈች። ጓደኞቿ "ለአንድ ሽንብራ!" ብለው ተጫኗት። አልሰረዘችውም። ቀጥዬ የሠራሁት ነገር ቢኖር ያንን ገጽ ለክፍሉ ማንበብ ነው።

ሰባተኛ ቅዳሜ፦ ጉባኤው

በጀቱ በምክር ቤት ይጽደቅ። ከግማሽ በላይ አባል ካልተገኘ ስብሰባ የለም፤ ምልዓተ ጉባኤ ይህ ነው። አጀንዳው ከአንድ ቀን በፊት በር ላይ ይለጠፍ። ነዋሪ የሚቀመጥበት ወንበር ይኑር። ቃለ ጉባኤው ላይ ማን እንደደገፈ፣ ማን እንደተቃወመ፣ ማን ድምፀ ተዓቅቦ እንዳደረገ ይጻፍ።

ልጆች ሲከራከሩ መደማመጥ ያቅታቸዋል። እኛ ከሲዳማ ሽማግሌዎች ወግ ተዋስን። ሶንጎ፣ ማለትም የሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ተናጋሪው "አፊኒ?" ብሎ ይጀምራል፤ "ሰማችሁ ወይ?" እንደማለት ነው። በቀጤማ ምክር ቤት መናገር የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ከእሱ በፊት የተናገረው ሰው ምን እንዳለ በራሱ ቃል ይደግማል፤ ያኛው "አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት" ሲል ብቻ ይቀጥላል። ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን ጩኸቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ስለ ቋንቋም ወስኑ። ክፍላችን ውስጥ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ። የቀጤማ ነዋሪ በሚቀለው ቋንቋ አቤት ይበል፤ አስተርጓሚ ከልጆቹ መካከል ይቀመጥ። አንድ ዓመት አያቷን ይዛ የመጣች ልጅ ነበረች። አያትየው በሲዳምኛ ስለ ውሃ ሲናገሩ ልጅቷ ተረጎመች። ምክር ቤቱ ተነስቶ ነው የሰማቸው።

ከጨዋታው በኋላ

ከተቻለ ከእውነተኛው ቀበሌ ወይም ማዘጋጃ ቤት አንድ ባለሙያ ጋብዙ። ኃላፊ ባይሆንም ግድ የለም፤ ቦይ የሚያስጠርግ ፎርማን ከሆነ እንዲያውም የተሻለ ነው። ልጆቹ ሊያፋጥጡት ሳይሆን "እርስዎ ጋ ማመልከቻ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ያያሉ?" ብለው ሊጠይቁት ተዘጋጅተው ይጠብቁ። አንዱ እንግዳችን "ቦታውን ነው የማየው፤ ቦታው ካልተጻፈ ሠራተኛ የት ልላክ?" አለን።

ከዚያ የመጨረሻው ሥራ ይመጣል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ያያችሁትን እውነተኛውን ቦይ ይዛችሁ፣ እውነተኛ ማመልከቻ ጻፉ። አጠገቡ የሚኖሩት ሰዎች ይፈርሙ፤ የነሱ ጉዳይ ስለሆነ ያለነሱ አታስገቡ። ማስገባቱም በነሱ እጅ ይሁን፣ ልጆቹ አብረው ይሂዱ። ሦስት ቅጂ ያዙ። በሦስተኛው ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ቅጂውን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ቁጥሩን ደግሞ ከካርታውና ከሽንብራው መዝገብ ጋር ለመጪው ዓመት ልጆች በሚተላለፈው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። መስከረም ላይ ክበቡ ሲከፈት አዲሶቹ ልጆች ቁጥሩን ይዘው መዝገብ ቤት ሄደው ይጠይቁ።